ዙር ቦራ!

ዛሬ ረፋዱ ላይ አያ ወልዴ ዶማቸውን አንስተው «ዙር ቦራ!» ሲሉ ሁላችንም ቀጥ አልን።

ቦራ በሬያቸው ነበር። አምና እንደ መንደራችን ከብት ሁሉ እሱንም በሽታው ወሰደው።

ከብቶቻችን ውሃ ይጠጡበት ከነበረው ኩሬ ዳር ያለውን ማሳ፣ የሚያርስ በሬ ስለሌለን፣ በደቦ በዶማ እየቆፈርን ነበር። አፍ የለመደውን አይተውም! እኔ ራሴ ጠዋት ጅራፍ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ማንን ልገርፍ እንደሆነ እንጃ።

የአያ እንባ መጣ። ከፊታቸው የምትቆፍረው ጎረቤታቸው አስካለ ዞር ብላ፣ «ይኸው ዞርኩ፣ አያ! ግን ጅራፍ አልወድም» አለች።

ሳቃችን ኩሬውን ተሻገረ። ከዚያ ሁላችንም የሞቱ በሬዎቻችንን ስም እየጠራን ቆፈርን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብሱ ተዘራ።

የእነዋሪና የደነባ ወዳጆቼ፣ እናንተስ ማንን እየጠራችሁ ቆፈራችሁ?