በጤነኛ አንገት ላይ የተሳለ ቢላዋ

አክስቴ ሰው መናቅ አታውቅበትም ነበር። ያስተማራት አንድ ሐኪም ነው። ሐኪምን «እሳቸው» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ለዚህኛው ግን አፌ እሺ አይለኝም። እኛ ቤት «ሊቁ» ነው የምንለው። አባቴ ያወጣለት ስም ነው፤ ለሙገሳ እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያው ክፍል ተቀምጣ፣ የሚነሱትንና የሚገቡትን አውቶቡሶች የምትናገረው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ አግዳሚ ላይ የተኛ መንገደኛ በስሙ የተጠራ ያህል ብድግ ይል ነበር። እንደ ልቧ ትበላለች፣ እንደ ልቧ ትስቃለች፤ ገና ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን በሙሉ አስመረመረ። በአክስቴ ደም ውስጥ፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘና ወደ ሊቁ ላኳት። ሊቁ ወረቀቱን አየ እንጂ እሷን አላየም። ልብሽ ይመታል ወይ፣ ከስተሻል ወይ ብሎ መጠየቅ የጀማሪ ተማሪ ሥራ ነው፤ እሱ ግን ከጠየቀ ማዕረጉ የሚቀንስ ይመስለዋል።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ምንም አላመመኝም» አለችው።

«መታመም አለመታመምሽን የምነግርሽ እኔ ነኝ» አላት።

ሆርሞኑን የሚቀንስ ክኒን አዘዘላት። ፊቷ አበጠ፤ በጠራራ ፀሐይ ይበርዳት ጀመር፤ ማይክራፎኑ ፊት እያንቀላፋች የአንዱን አውቶቡስ መነሻ ለሌላው ትናገር ነበር። ቁጥሩ ግን ሊቁ የፈለገው ቦታ አልወርድ አለው። እየታመመች ያለችው በእሱ ክኒን እንደሆነ አልታየውም። ዕጢው ይውጣ አለ፤ አወጣው። ሲያወጣውም የድምፅ ነርቭዋን ነካው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ድምፅዋ ሻክሮ፣ ከጠረጴዛ ማዶ የማይሰማ ሆኖ ነበር። ሊቁ ይመለሳል አለ፤ አልተመለሰም። መናኸሪያው ወደ ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል አዛወራት። በቦታዋ የኃላፊው የእህት ልጅ ተቀመጠች፤ የከተማ ስም እንኳ አጥርታ መጥራት የማትችል።

ብዙም ሳይቆይ አባቴም ተመረመረ። ያው ከፍ ያለ ቁጥር። ሊቁ ቅር እንኳ አላለውም፤ የቤተሰብ በሽታ መሆኑን ደረስኩበት ብሎ ለአባቴም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጠው። አክስቴ ግን «ወንድሜን አይነካውም» ብላ ውጤቱን ከአባቴ እጅ ነጥቃ ወጣች። ሰው ስትጠይቅ ስትጠይቅ፣ በዘር የሚወርድ የታይሮይድ ምርመራ መዛባት የምታጠና ተመራማሪ ላቦራቶሪ ደረሰች።

ተመራማሪዋ የሁላችንንም ደም ወሰደች፤ የእኔንም ጭምር። ነገሩ ይኸው ነው፦ ሆርሞኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን አለ። የእኛ ቤተሰብ ፕሮቲን በውርስ ለየት ስለሚል ሆርሞኑን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሲለካ ብዙ ይመስላል፤ ሰውነት የሚጠቀምበት ግን ልክ ነው። ሕክምና የማይፈልግ ነገር ነው። አያቴም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ጥርሱ እስኪረግፍ ጤነኛ ሆኖ ኖሯል።

«ታዲያ የኔን አንገት ምን ብሎ ከፈተው?» አለች አክስቴ።

አባቴ ከቢላዋው ተረፈ። ሊቁ ስህተቱ ሲነገረው ደግሞ ሌላ ዝና ይዞ ነበር። ከሰው ቆዳ ሕዋስ ወስዶ የታይሮይድ ህብረ ሕዋስ ማሳደግና መልሶ መትከል የሚል ጥናት ተጀምሯል፤ የሚለፉት እነ ተመራማሪዋ ናቸው፣ ከፊት የሚቆመው እሱ ነው። እንግዶች ላቦራቶሪውን ሊጎበኙ ሲመጡ አክስቴን አስጠራት። ትከሻዋን ይዞ፣ ያጣችውን ዕጢ እዚሁ አሳድገን እንመልስላታለን አላቸው።

አክስቴ እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው። እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችና፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው።

«አላጣሁትም። ጤነኛ ነበር፤ አንተ ነህ ቆርጠህ የጣልከው።»

ድምፅዋ አልሰማ ሲላቸው እንግዶቹ ጠጋ አሉ። ሳትቸኩል ደገመችላቸው። ሊቁ ስለ ላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ዋጋ ማስረዳት ጀመረ።

ለጥናቱ ከቆዳዋ ቁራጭ ግን ሰጠች፤ ለተመራማሪዋ። እሷ አልዋሸቻትም፦ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያደገው ሕዋስ ሆርሞን ማመንጨት ጀምሯል፣ አይጥ ላይ ተሞክሯል፣ ለሰው ገና ሩቅ ነው፣ ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል አለቻት። አክስቴ ለሌላ ይድረስ አለች። አብሬያት ሄጄ ከቆዳዋ ያደገውን በማይክሮስኮፕ አየነው። ትንንሽ፣ ክብ ክብ ነገር ነው። ዓይኗን ሳትነቅል ቆየችና «ስታምር» አለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ትውጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትውጣለች። ሊቁ በጭብጨባ ጡረታ ወጥቷል። ገበያ ሲያገኛት ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ይዘረጋል። እሷ እጄ ተይዟል ትለዋለች፤ ባዶ እጇን ሆና።