የእህል ፉርጎውን ማን ሠራው?

ሠፈርተኛው «ጋሼ ሚሊሜትር» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጣቢያው ግቢ ፉርጎ መርማሪ ሆነው ሲሠሩ ያልለኩት ነገር አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ሥራው ቀረ እንጂ አመሉ አልቀረም። ባለቤታቸው ዳቦ ሲቆርጡ እንኳ ከጎን ቆመው «ይኼኛው ወፈረ» ይላሉ።

ልጃቸው ትዳር ይዛ ስትወጣ ባዶ የቀረውን ክፍል ተረከቡና፣ ከበር እስከ መስኮት በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ያንኑ የጣቢያ ግቢ አሳንሰው ይሠሩ ጀመር። ሐዲዱ፣ የውሃ ጋኑ፣ የሚዛን ቤቱ፣ ትልቁ የእህል ጎተራ፣ ሁሉም ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእህል ፉርጎ። ጎተራ ኖሮት እህል የሚጭንበት ፉርጎ የሌለው ግቢ ደግሞ ምኑ ግቢ ነው?

ሱቅ ያለው ሁሉ መጫወቻ ሆነባቸው። የአንዱ ፉርጎ የጎን ቋሚ ብረቶች አሥራ አራት መሆን ሲገባቸው አሥራ ሁለት ናቸው። የሌላው የጣሪያ ክዳን ክብ ነው፤ የእሳቸው ግቢ ፉርጎዎች ክዳን ግን ረጅም ነበር። አንዱ ሻጭ ሰልችቶት «ጋሼ፣ ይኼን ማን ይቆጥረዋል?» ቢላቸው «እኔ!» ብለውት ወጡ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ተመላለሱ።

አንድ ሐሙስ የቆመባቸውን የእጅ ሰዓት ይዘው ሰዓት ሠሪው ዘንድ ገቡ። ገና ከመግባታቸው፣ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ፣ በሁለት የጠረጴዛ ሰዓቶች መሐል አንድ ግራጫ ፉርጎ ቆሞ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና ቆጠሩ። አሥራ አራት! ክዳኑ ረጅም። እህሉ የሚፈስባቸው የሥር አፎች አራት። የእጅ ፍሬኑ መዘውር እንኳ በትክክለኛው ጫፍ ነው።

«ማን ነው ይኼን የሠራው?»

ሰዓት ሠሪው ከማጉያው ቀና አላለም። «ሰው ነው ያመጣው።»

«ሰው መሆኑንማ ገምቻለሁ። የቱ ሰው?»

«ስሜ አይነሳ ብለዋል። ይውሰዱት፣ ካልፈለጉም ይተዉት፤ እኔን ግን አያስቀባጥሩኝ ጋሼ።»

ከፍለው ወሰዱት። ቤት ገብተው በማጉያ መነጽር እየለኩ ከድሮ የሥራ ደብተራቸው ጋር ቢያስተያዩት የፀጉር ያህል ልዩነት የለውም። ደስታ አንቆ ሊገድላቸው ሲል ዓይናቸው መሰላሉ ላይ አረፈና ክው አሉ። የታችኛው መርገጫ የለም። ያን መርገጫ ከእያንዳንዱ ፉርጎ ያስቆረጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የጫኞችን እግር እየያዘ ስላስቸገረ። መቆረጡ በፋብሪካው ንድፍ ላይ የለም፣ ፎቶግራፍም ላይ የለም። ይህን የሚያውቅ የግቢው ሰው ብቻ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ የባሰ ሆነ። በግራ ጎኗ ላይ ካለው የብየዳ ጥገና ፉርጎዋን ለይተው አውቀዋታል፤ በደብተራቸው ቁጥሯ 2086 ነው። ሞዴሉ ላይ ግን 2068 ተብሎ ተጽፏል። የተቆረጠ መርገጫ እንኳ ያልረሳ እጅ ቁጥር ላይ ይስታል?

«ይህ ስህተት አይደለም» አሉ ለራሳቸው። «እኔን ለመንካት የተጻፈ ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ጥርጣሬውን ከቤታቸው ጀመሩ።

«ደብተሬን ለማን ነው ያሳየሽው?» አሏቸው ባለቤታቸውን።

«የቱን ደብተር?»

«የልኬቱን ነዋ!»

«ያን ደብተር ለማን ላሳይ? እኔ ራሴ ሁለት መስመር አንብቤ እንቅልፍ ወሰደኝ!»

ጋሼ ሚሊሜትር አላመኑም፤ ሄደው ገጾቹን ቆጠሩ። አንድም አልጎደለ። ቀጥለው የድሮውን የበያጆች ካቦ በስልክ ጠየቁት። ካቦው ሳቀ። «እኔ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ሻይ እንኳ ሳላፈስ አልጠጣም፤ ፉርጎ ልሠራ!» አለ። መልሱ በቂ ነበር፤ ሳቁ ግን ረዘመባቸው። የሚስቅ ሰው የሚደብቀው አለው ብለው ስሙን ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ሰዓት ሠሪውንም ከሥሩ ጻፉት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለተኛ ፉርጎ መስታወቱ ውስጥ ቆመ። ረቡዕ ሲያልፉ አልነበረም። እንግዲያው ሰውየው የሚመጣው ሐሙስ ነው! ከሰዓት ሠሪው ፊት ለፊት ፀጉር አስተካካይ አለ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሰዓት ቤቱ በር ወለል ብሎ ይታያል። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይቻል ጢማቸውን መላጨት ግድ ሆነባቸው። ሦስት ሐሙስ ተላጩ። መጀመሪያ ላይ ሰው አጡ፤ በኋላ የሚላጭ ጢም አጡ።

ባለቤታቸውም ዕውር አይደሉም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይላጭ የነበረ ባል በየሐሙሱ ተላጭቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ «የት ነው?» ሲባል «እዚሁ» ብሎ ሲወጣ ምን ይባላል? አራተኛው ሐሙስ ላይ ነጠላ ጫማቸውን በጫማ ቀይረው፣ ሃያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርተው ተከተሏቸው።

ጋሼ ሚሊሜትር አገጫቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ሳለ፣ በመስተዋቱ ውስጥ አንዲት ሴት የጫማ ካርቶን አቅፋ ሰዓት ቤቱ ስትገባ አዩ። ከወንበሩ ተስፈንጥረው ተነሱ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደላይ አንስቶ «ኧረ ጋሼ፣ አንገትዎን!» እያለ ቀረ፤ እሳቸው ፎጣው እንደተንጠለጠለ መንገዱን ተሻገሩ። ጥግ ላይ ያደፈጡት ባለቤታቸው፣ ባላቸው አረፋ ፊቱን ሞልቶት ወደ ሴት ሲሮጥ ሲያዩ እሳቸውም ተከትለው መንገዱን ተሻገሩ።

ሴትየዋ ዞር አለች። ጋሼ ሚሊሜትር ወዲያው አወቋት። በግቢው ፉርጎ ላይ ቁጥር የምትጽፈው ቀለም ቀቢ ነበረች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «ቁጥር ገልብጣለች» ብለው ሪፖርት የጻፉባት፤ በዚያም ምክንያት ከፉርጎ ሥራ ተነሥታ ጡረታ እስክትወጣ የጣቢያ አግዳሚ ወንበርና የቆሻሻ በርሜል ስትቀባ የኖረች።

«እርስዎ ነዎት?» አለች። ድሮ ግቢ ውስጥ «አንተ» ነበር የምትላቸው።

«ቁጥሩን ሆን ብለሽ ነው የጻፍሽው! እኔን ለመንካት!»

«የጻፍኩት ትክክለኛውን ነው። ያኔም፣ ዛሬም።»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው በሩን ሞልተው ቆሙ። «ማን ናት?» አሉ።

«ቀለም ቀቢ ናት።»

«ምንህን ልትቀባልህ?»

ሰዓት ሠሪው ሳቁን ለመያዝ ጎንበስ አለ። ቀለም ቀቢዋ ግን አልሳቀችም። ካርቶኗን መልሳ አቀፈችና «ቤቴ ቅርብ ነው። ሁላችሁም ኑ፤ በዓይናችሁ እዩ» አለች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቱ ሥር ሞረድ፣ ስስ ቆርቆሮና ቀጫጭን ብሩሾች ተደርድረዋል። ከአልጋው ሥር የወረቀት ጥቅል አወጣች። የእያንዳንዱ ፉርጎ ቁጥር ከሥር ዋናው ብረት ላይ በመዶሻ ተመትቶ ይገኛል። እሷ ጎኑ ላይ ከመጻፏ በፊት ሁልጊዜ ብረቱ ላይ ወረቀት አድርጋ በእርሳስ ታሸው ነበር፤ ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ይወጣል። አንዱን ወረቀት መርጣ ዘረጋችላቸው። በጥቁሩ መሐል 2068 ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀኑ ከጎኑ ተጽፏል።

ጋሼ ሚሊሜትር ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ። ያ ቀን ትዝ አላቸው። ዝናብ ነበር። ፉርጎዋ ጭቃ ውስጥ ቆማ ነበር። ጎንበስ ብለው ብረቱን በማየት ፈንታ ቁጥሩን ከቢሮ ዝርዝር ላይ ገለበጡ። ለካ ዝርዝሩ ነበር የተሳሳተው።

«ያኔ ለምን አላሳየሽኝም?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። ‹ሥራ ላይ ናቸው› ተባልኩ። ካቦው ደግሞ ‹መርማሪው ከጻፈ ጻፈ ነው› አለኝ።»

አረፋው አገጫቸው ላይ ደርቆ ይበላቸው ጀመር፤ ማከክ ግን አፈሩ። በመጨረሻ «በድዬሻለሁ» አሉ።

ቀለም ቀቢዋ ገርመም አደረገቻቸው። «ይኼን የሚሉት በድለውኝ ነው ወይስ ፉርጎዎቹን ፈልገው?»

ጋሼ ሚሊሜትር በአንገታቸው ፎጣ አረፋውን ጠረጉ። ሁለቱም እውነት ነበር።

በማግስቱ ባቡር ድርጅቱ ሄደው ያን ሪፖርት የሚሽር ደብዳቤ አስገቡ። መዝገብ ቤቱ ያለው ሠራተኛ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፤ «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ? ከጀርባው ምን አለ?» አላቸው። «ስህተት ነው ያለው» አሉት። አሥራ አንድ ቀን ተመላልሰው ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመቱና ለቀለም ቀቢዋ ወሰዱላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ለማየት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። አመሰግናለሁ አላለችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ከመደርደሪያው ሦስተኛውን ፉርጎ አውርዳ ሰጠቻቸው።

ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ ዘጠኝ የእህል ፉርጎዎች ቆመዋል። ቀለም ቀቢዋ አሁንም «እርስዎ» ነው የምትላቸው። ከባለቤታቸው ጋር ግን በወር ባልሞላ ጊዜ እህትና እህት ሆኑ። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ፉርጎውን አስረክባ ወዲያው ወደ ማዶው ክፍል ትሻገራለች። ጋሼ ሚሊሜትር ሐዲዳቸው ላይ አጎንብሰው ሳለ ከዚያ የሁለት ሴቶች ሳቅ ይሰማቸዋል። ሳቁ ከወትሮው ከረዘመ ቀስ ብለው ተነሥተው በሩን ገርበብ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

«ምን አሉ ስለ እኔ?»

እስካሁን በደንብ አልሰሙም።