የሾፌሩ ሚስት ክስ

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጎንደር አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሾፌር ሚስት እያለቀሰች መጣችና፣ "አያ፣ ባሌ ባለትዳር ወሽሞብኛል፤ ክሱን ጻፍልኝ" አለችኝ።

እኔ ሊቁ አማርኛዬን አሳመርኩ። ባሏን "ከሃዲ"፣ ውሽማውን "ትዳር አፍራሽ" አልኩ። ይህም አልበቃኝም።

"የሴትዮዋስ ባል የት ሄዶ ነው?"

"እዚሁ አለ። ምንም አያውቅም።"

"አቤት ድንቁርና!" ብዬ "ደንቆሮው ባሏ" የሚል ጨመርኩ፤ ሁለቴም አሰመርኩበት። "በይ፣ የተከሳሿ ስምና አድራሻ?"

"አስካለ ትባላለች። ቤቷ ከወፍጮው ጀርባ ነው።"

ከወፍጮው ጀርባ ያለው ቤት የእኔ ነው። አስካለም ጠዋት ቁርሴን ያቀረበችልኝ ሚስቴ ናት። እጄ ቀጥ አለ።

የሾፌሩ ሚስት እንባዋን ጠረገች።

"ምነው ቆምክ አያ? ደንቆሮ የሚለውን እንዳትሰርዘው!"