ካፕቴኖቹ ሲማማሉ

ዘከሪያ ሰው አያምንም። ሰውን ቀርቶ የሚነዳውን መኪና የነዳጅ መለኪያ እንኳ አያምንም። ጓደኞቹ በዚህ ይስቁበታል። እሱ ግን ሐበሻ በሚበዛበት የሪያድ ሰፈር፣ መንፉሐ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 2013 ፖሊስ ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች ሊይዝ ገብቶ ሰፈሩ ሲታመስ፣ ትናንት አብሮ ሻይ ሲጠጣ ያመሸ ጎረቤት ዛሬ ለፖሊስ የሰው በር በጣቱ ሲጠቁም በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ መተዳደሪያው ሆነ።

ሥራው የአንድ ትንሽ የግል አየር መንገድ አብራሪዎችን ከየቤታቸው እየለቀመ ኤርፖርት ማድረስ ነበር። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በድርጅቱ እጅ ነው። ሪያድ ተወልዶ ሪያድ ቢያረጅ እንኳ ያቺ ካርድ ካልታደሰች የሚላከው በእግሩ ረግጧት ወደማያውቃት ወደ አባቱ አገር ወሎ ነው። ድርጅቱን እንደ እሳት የሚፈራውም ለዚህ ነው።

በ2015 በጋ አብራሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ሁሉም ከየአገሩ በኮንትራት የመጡ ናቸው፤ እረፍታቸው እየተሸራረፈ በድካም ላይ ድካም ይበራሉ። ከሁሉም የባሰበት ቱኒዚያዊው ካፕቴን ነጂብ ነበር።

«እኛ አገር የአብራሪዎች ማኅበር አለን» ይላል መኪናው ውስጥ። «አንዱን ሲነኩት ሁላችንም ስለምንቆም አንዱንም አይነኩትም።»

እዚህ ማኅበር ማቋቋም ክልክል ነው። ስለዚህ እዚያው መኪናው ውስጥ በቃል ብቻ ተማማሉ፤ የደከመው «አልበርም» ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ በምትኩ ተጠባባቂ ሲጠራ ተጠባባቂውም «አልበርም» ይላል። ከሁሉ ቀድሞ እጁን የዘረጋው ካፕቴን ረምዚ ነበር፤ የነጂብ የአገሩ ልጅ፣ በሠርጉም ሚዜው። ከሹፌሩ ተጠንቀቁ ያለውም እሱው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ነገር ሲመጣ ወሬው ከዐረብኛ ወደ ፈረንሳይኛ ይዞራል።

ዘከሪያ ዓርብ ምሳ ላይ ለአባቱ ለሙሳ ነገረው። ሙሳ ፉጣ በሚባል የሪያድ ሰፈር ልብስ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው።

«አባ፣ እንዲህ መማማል ይጠቅማቸዋል?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል» አለ ሙሳ። «ግን የበሰበሰ ክር ከገባበት ልጄ፣ ቀድሞ የሚያውቀው አንበሳው ነው። ብቻ አንተ አትግባበት። እነሱ ቢባረሩ ሌላ አገር ሄደው ይበራሉ፤ አንተ ወዴት ትበራለህ?»

ሳምንት ሳይቆይ የበረራ መዳቢው ሙዲር፣ ማለትም አለቃው፣ አቡ ሳሚ አስጠራው።

«ካፕቴኖቹ መኪና ውስጥ ምን ያወራሉ? ኢቃማህ ሊያልቅ ነው አይደል?»

«ወላሂ ሙዲር፣ ፈረንሳይኛ ነው የሚያወሩት። አይገባኝም።»

አቡ ሳሚ ሳቀ። «ኸላስ፣ ሂድ» ብሎ አሰናበተው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። ዘከሪያን ግን ነገሩ ከነከነው። ኢቃማ በእጁ ይዞ ሰውን የማይጫን ሙዲር አይቶ አያውቅም። አቡ ሳሚ ካልተጫነው ከእሱ የሚፈልገው የለም፤ ከእሱ የሚፈልገው ከሌለ ደግሞ የሚነግረው ሌላ ሰው አለ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ነጂብ እንቅልፍ ስላልጠገበ «አልበርም» አለ። ወዲያው ለዘከሪያ ተደወለለት፤ ተጠባባቂውን ረምዚን እንዲያመጣ ታዘዘ። ድንገት የተጠራ ካፕቴን ሹፌርን እንዴት በር ላይ እንደሚያቆም ዘከሪያ ያውቀዋል፤ ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይተኩሳል፣ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ረምዚ ግን ክራባቱን አስሮ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ደጅ ቆሞ ጠበቀው። ገብቶ ተቀመጠና «ያላ» አለ።

ረምዚ በረረ፤ በማግሥቱ ነጂብ ተባረረ። በዚያው ሳምንት አቡ ሳሚ አብራሪዎቹ በተሰበሰቡበት መጥቶ የታደሰውን ኢቃማ ዘከሪያ እጅ ላይ አስቀመጠለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ዘከሪያ አላመለከተም፣ አልለመነም። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሲያርፍ ካርዷ ለምን እንደታደሰች ገባው፤ እውነተኛው ጆሮ ጠቢ የሚደበቅበት ሰው አስፈልጎ ኖሯል።

«ጃሱስ» አለ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ አንዱ ካፕቴን ከኋላ ወንበር።

ዘከሪያ ደሙ ፈላ። ሰላይ መባል መንፉሐ ከተሰማ ለአባቱም ሰላምታ የሚሰጥ አይገኝም። ሰዎቹ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ፤ እሱ ደግሞ አፉን ቢከፍት ኢቃማው ትሄዳለች። ንዴቱን ውጦ ነዳ።

ነጂብ ለዘለቄታው ሲሄድ ኤርፖርት ያደረሰው ዘከሪያ ነው። ከተማማሉት አንድም ሊሸኘው አልመጣም።

«ዘከሪያ፣ ከአሁን በኋላ አልጎዳህም። አንተ ነህ?» አለው ነጂብ።

«አይደለሁም ካፕቴን። ወላሂ።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ረምዚ እንደሆነ ተኝቶ ሳለ ቀስቅሰው፣ አስፈራርተው ነው ያስነሡት። ደውሎልኝ አልቅሷል።»

ዘከሪያ ዝም ሊል ፈለገ፤ አቃተው። ስሙን የሚያጥብበት ሌላ ቀን አይመጣም።

«ካፕቴን ረምዚ አልተኙም ነበር» አለ። «ሳልደርስ ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር።»

ነጂብ ኤርፖርቱ በር ላይ ወርዶ ሻንጣውን ራሱ አወረደ። ዘከሪያ እንዳመነው ከፊቱ አይቶ ቀለል አለው፤ እንዲያውም ይቅርታ ሳይጠብቅ አልቀረም። ነጂብ እጁን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ሳይለቀው ቆየ።

«አንተ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለው።