የረቡዕ አርባ ዳቦ

ለየትኛው ሱቅ ስንት ዳቦ እንደሚሄድ የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ፣ በፋብሪካችን «ዳኛው» እንለዋለን። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቹ በስልክ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ብቸኛ ሰው ነው፤ ምሳውን እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚበላው።

እኔ ሾፌሩ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ለድልድዩ ሱቅ አርባ ዳቦ ያበዛል። ያልተሸጠ ዳቦ ያለ እሱ ፊርማ አይነሳምና ሐሙስ ጠዋት ጋቢና ገብቶ አብሮኝ ይሄዳል። ባለሱቋም በሯ ላይ ሁለት ወንበር ታወጣለች። አርባ ዳቦ ለመቁጠር አንድ ሰዓት ተኩል! እኔ መሪዬን ይዤ እበግናለሁ።

አምና የፋብሪካው ኢንጂነር ለየሱቁ ስንት ዳቦ እንደሚላክ የሚወስን አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አመጣች። እንዲህ አድርግ ብሎ የሚያዘው የለም፤ ራሱ እየሞከረ ነው የሚማረው። ዳቦው ሳይጎድል ካለቀ ነጥብ ያገኛል፤ ከተመለሰ ይቀነስበታል። በዳኛው የድሮ መዝገብ ላይ እልፍ ጊዜ እየተሳሳተ ተለማመደ።

አንድ ቀን የጭነት ወረቀቴን ልወስድ ስገባ ኢንጂነሯ ዳኛውን ታነጋግረዋለች።

«ጋሼ፣ በብዙው ነገር እርስዎ ፕሮግራሙን ይበልጡታል። የረቡዕ አርባ ዳቦ ብቻ ነው ያልገባኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይመለሳል። እኛ የማናውቀው ምክንያት ካለ ይንገሩኝ፣ አስገባለታለሁ፤ አይነካውም።»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔም አፌን አልከፈትኩም፤ ፈሪ ነኝ።

«ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ። «የኔ ስህተት ነው፤ ይታረም።»

«ሰባት ዓመት?»

«ሰው አይደለሁ እንዴ ልጄ?»

ታረመ። ከዚያ ወዲህ ከድልድዩ ሱቅ አንድም ዳቦ አልተመለሰም፤ አለቃችን ደስታውን አልቻለውም። ዳኛውም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ፕሮግራሙ የወሰነውን ሲያጸድቅ ይውላል። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

ባለፈው ሐሙስ ባለሱቋ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች። «ሰውየው አመመው እንዴ? ጠፋ እኮ» አለችኝ። ስመለስ ነገርኩት። ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጠየቀችኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ ጠየቀችህ። ቅዳሜ እኮ ሥራ አትገባም፤ ለምን ብቅ አትልም?»

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምን ብዬ?» አለኝ። «የሚመለስ ዳቦ በሌለበት፣ ምን ብዬ ልግባ?»