ጣሪያ ላይ ያለው ሰውዬ

ካፖርቱን በሻንጣ ገመድ ታጥቆ አውቶብስ ጣሪያ ላይ እንደ ድመት ሲወጣ ስልሳ ዓመት ያለፈው አይመስልም። ለዓመታት ሥራው እንጀራ ፍለጋ ከትንሿ ከተማ የሚሄዱ ወጣቶችን ሻንጣ መጫን ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው የምርምር ማዕከል የፈለሰፈው የቲማቲም ማድረቂያ ከተማዋ ዳር ፋብሪካ ካስከፈተ ወዲህ ግን ማውረዱ በዝቶበታል።

«ወገቤ አለቀ» ይላል እየሳቀ። «የሚሄደው አንድ ሻንጣ ይዞ ነው፤ የሚመለሰው አልጋውን ሳይቀር ጭኖ ይመጣል።»

ዛሬ ገመዱን እየጠቀለለ ለሹፌሩ እንዲህ አለው፦ «የሰኞውን ዕቃ ሌላ ሰው ያውርድልህ። ልጄን ፋብሪካው ለማሽን ጥገና ቀጥሯታል። ስትሄድ ሻንጣዋን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ ሆኜ አናቷን ብቻ ነው ያየሁት። ስትመጣ ታች ነው የምቆመው።»