ሜትር የያዘችው ጉዲቱ

ጉዲቱ ቀራንዮ ተወልዳ ያደገች፣ ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በላቦራቶሪ የምትሠራ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ የምትመላለሰው በብስክሌት ነው። መጀመሪያ ሰሞን የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ብቅ እያሉ ያፏጩባት ነበር፤ ሲቆይ ለመዷትና ተዉአት። ሰፈሩ የጠረጠራት ብስክሌት ስለነዳች አይደለም። ሜትር ይዛ መንገድ መለካት ስትጀምር ነው።

ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ኩርባው ጋ ሲደርስ የእግረኛው መሄጃ ያልቅና ክፍት የፍሳሽ ቦይ ይጀምራል። ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ጉዲቱ ቁልቁለቱን ስትወርድ አዩብ ከፊቷ ነበር። አዩብ በብስክሌት ለየሱቁ ዳቦ የሚያደርስ ጎልማሳ ነው። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከኋላው መጥቶ ጥሩንባውን ሲያምባርቅበት ጥግ ልያዝ አለ። የሚያዝ ጥግ ግን የለም። ከነብስክሌቱ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ገልባጩም ሳይቆም ሄደ። ጉዲቱ ወርዳ እግሩን በሻርፗ አሰረችና ሰው ጠርታ አወጣችው። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ሆስፒታል ሄዳ ስትጠይቀው፣ «እዚያ ቦይ ውስጥ ስንቱ ወድቋል መሰለሽ?» አላት። «አንዱም ግን የትም አልተጻፈም።»

ይቺ ነገር ከልቧ አልወጣ አለች። ደብተር ገዛች። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ኩርባው ላይ እየቆመች የመንገዱን ስፋት ትለካለች፤ የወደቀ ሰው ካለም ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ሲሞላ ማመልከቻ ጽፋ ወረዳ ልታስገባ ነው ሐሳቧ።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከዋናው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች አጥር ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤቶቹ ፈርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ሜትር የያዘ ሰው ከታየ ሴቱ በር ላይ ይወጣል፣ ወንዱ ስልክ ይደውላል።

መጀመሪያ የጠየቋት ኩርባው አጠገብ ሸራ ወጥረው አትክልት የሚሸጡት ወይዘሮ ወርቄ ናቸው።

«ጉዲቱ፣ ለማን ነው የምትለኪው?»

«ለራሳችን ነው እትዬ ወርቄ። ብስክሌትና እግረኛ የሚያልፍበት እንዲሰጠን ልንጠይቅ ነው።»

«ከማን ላይ ተወስዶ?»

ጉዲቱ ሜትሩን ሰበሰበች። ጫፉ እሳቸው ሸራ ሥር ገብቶ ነበር። ወይዘሮ ወርቄ ይህን አይተው ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። በማግስቱ ግን ወሬው ከቲማቲሙ ጋር አብሮ ተሸጠ፤ «ጉዲቱን የሆነ አካል ቀጥሯታል፣ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ሊገቡ ነው» ተባለ። ሰላም ይሏት የነበሩ ሰዎች ስታልፍ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ግቢ ያቆመችው ብስክሌት ሁለቱም ጎማ በሚስማር ተወግቶ አገኘችው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያን ሰሞን እሷም በተራዋ የጎረቤቶቿን ፊት አንድ በአንድ ትመረምር ነበር።

ጥር ላይ የእድሩ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ጋሽ አምሐ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ አንድ ወረቀት ሦስቴ ሳያነቡ አይፈርሙም።

«ልጄ» አሏት ሰው ሁሉ ፊት፣ «ቤታችንን እየመዘገብሽ ነው ይባላል። ደብተሩ ይታይ።»

«ጋሽ አምሐ፣ የቤት ነገር የለበትም።»

«ከሌለበት ምን ያስፈራሻል?»

የሚያስፈራት ሌላ ነበር፤ የሰው አደራ። ብትከለክል ግን ሐሜቱ እውነት ሊሆን ነው፤ ሰጠቻቸው። ጋሽ አምሐ መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ታኅሣሥ ሦስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሕፃን ሳያት፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ጉልበቷ ተላጠ። ታኅሣሥ አሥራ አንድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አቶ ጥሩነህ፣ ከብስክሌት ወድቀው ክንዳቸው ቆሰለ። ለባለቤታቸው እንዳልናገር ለምነውኛል።»

አቶ ጥሩነህ የወይዘሮ ወርቄ ባል ናቸው፤ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«ጥሩነህ!» አሉ ወይዘሮ ወርቄ ብድግ ብለው። «ደረጃ አዳልጦኝ ነው አላልከኝም? ደግሞ በዚያ ሰዓት ኪዳን ላደርስ ነው ብለህ አይደል የምትወጣው?»

አቶ ጥሩነህ ጎንበስ አሉ። «የአዩብን ብስክሌት አሠርቼ ነው» አሉ። «እስኪድን ድረስ ደንበኞቹ እንዳይሸሹበት ዳቦውን እኔ ላድርስለት ብዬ። ብነግርሽ በዚህ ዕድሜህ ብለሽ ትከለክይኛለሽ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ግን፣ «ያው ነው፤ ቤት ባትጽፍም ሰው ስትሰልል ነበር» አለ።

«ዝም በል!» አሉት ወይዘሮ ወርቄ። «ባሌ ቦይ ውስጥ ቢሞት ማን ይነግረኝ ነበር? አንተ?» ከዚያ ወደ ጉዲቱ ዞሩ። «አንቺም ብትሆኚ ጥፋተኛ ነሽ። ለኔ መደበቅ አልነበረብሽም።»

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለች ጉዲቱ። ከልቧ ነበር።

ማመልከቻው እዚያው ተጻፈ። ጋሽ አምሐ ሦስቴ አንብበው «ይህ ጥያቄ የማንንም ቤት ለማስፈረስ የቀረበ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካልገባ አልፈርምም አሉ። ገባ። ሃምሳ ስድስት ሰው ፈረመ፤ ከኋላ የተናገረው ሰውዬ ሳይፈርም ወጣ።

ወረዳው ሁለት ጊዜ «እናያለን» ብሎ፣ በሦስተኛው ቦዩን በኮንክሪት ሊከድንና ኩርባው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሊሠራ ተስማማ። ለብስክሌት የተለየ መስመር የለም ተባለ። ቦዩ ሲከደን ግን አንድ ሜትር ተኩል መሄጃ ይገኛል፤ ጉዲቱ ለክታዋለች።

ሥራው ሚያዝያ ላይ ሲጀመር ወይዘሮ ወርቄ ሸራቸውን ራሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳቡ። ወንበራቸውን ግን ሠራተኞቹ አጠገብ አወጡና ጎመን እየቀነጠሱ ይጠብቋቸው ጀመር።

«ይሄ ሲሚንቶ አልቀጠነም?» ይላሉ። «ብረቱስ? ትናንት ከዚህ ወፍራም አልነበረም?»

«ማዘር፣ ያው ነው» ይላል ግንበኛው።

«እንግዲያው ለካው።»

አዩብ ግንቦት ላይ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። ዳቦውን አሁንም የሚያደርሱት አቶ ጥሩነህ ናቸው፤ በሚስታቸው ትእዛዝ ሄልሜት አድርገው።